ደም አይተን ለምን ሣቅን?

(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ምሽት የተደረገ ንግግር)



የማኅበራችን የፊልም ክበብ ባለፈው ሳምንት «ፐልፕ ፊክሽን» የተባለውን ፊልም በዚሁ አዳራሽ ባሳየን ጊዜ አብዛኞቻችሁ ነበራችሁ። በመኪና ውስጥ የተቀመጠ አንድ ወጣት ሳይታሰብ ፊቱን በጥይት ተመትቶ የመኪናው መስተዋት በደም በተሸፈነ ጊዜ አዳራሹ በሣቅ እንደ ተናጋ ታስታውሳላችሁ። ድምፃቸው ጎልቶ ከተሰማው ሰዎች አንዱ እኔ ነበርሁ። በዚያች ደቂቃ በስተቀኜ ተቀምጦ የነበረው ጓደኛችን ቀስ ብሎ ተነሥቶ ወጣ። ፊልሙ ካለቀ በኋላ ደጅ አገኘሁትና «ምነው፥ አሞህ ነበር ወይ?» ብለው፥ «የለም፤ እናንተ ስትሥቁ ጊዜ መቀመጥ አቃተኝ» ሲል መለሰልኝ። ይህ ጓደኛችን ወንድሙን በጦርነት ያጣ ነው። እርሱ ከዚህ የበለጠ አልተናገረም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። የራሱን ስም ሳልጠራ ነገሩን ብቻ እንድናገር ግን ፈቅዶልኛል።

የዛሬውን ርእስ የመረጥሁት ከዚያ ምሽት የተነሣ ነው። ፊልሙን ለመኰነን አልመጣሁም፤ እንዲያውም የምወደው ፊልም ነው። ለመጠየቅ የፈለግሁት ይህን ብቻ ነው፤ ሰው ሲሞት አይተን ያሣቀን ምንድር ነው? ያሣቀንስ ሰው ምን ዓይነት ሠሪ ነው? እኔ የፊልም ሊቅ ባለመሆኔ፥ የተሳሳትሁትን መምህሮቻችን እንደሚያርሙኝ ተስፋ አለኝ። ዘመኑን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

አስቀድሜ ስለ ሰውየው ጥቂት ልናገር። ኩዌንቲን ታራንቲኖ በ1963 ዓ.ም. በአሜሪካ፥ በቴነሲ ግዛት ኖክስቪል በተባለች ከተማ ተወለደ፤ ያደገው ግን በካሊፎርኒያ በሎስ አንጀለስ አካባቢ ነው። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ሳይፈጽም ተወው። ስለ ፊልም ያለውን ዕውቀት ያዳበረው በትምህርት ቤት ሳይሆን፥ በ1980ዎቹ ዓመታት ተቀጥሮ ይሠራበት በነበረው ቪዲዮ አከራይ ሱቅ ውስጥ ነው። እንዲህ ባለ ሱቅ መደርደሪያ ላይ የፈረንሳይ ጠቢባን የደከሙበት ፊልምና በጥቂት ገንዘብ ተቻኵሎ የተሠራ የካራቴ ፊልም ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ደንበኛው ሁለቱንም በአንድ ዋጋ ይከራያል። ይህ ጎን ለጎን መቀመጥ ለታራንቲኖ ሥራ ሁሉ ቍልፍ ነው ለማለት እደፍራለሁ።

በእንግሊዝኛ «ፖፕ» የሚሉት ነገር፥ ይኸውም የራዲዮ ዘፈን፥ የቴሌቪዥን ተከታታይ ጨዋታ፥ ርካሽ የወንጀል ልብ ወለድ፥ የካውቦይና የካራቴ ፊልም፥ በብዙ የተማሩ ሰዎች ዘንድ እንደ ተራ ነገር የሚታይ ነበር። ታራንቲኖ ይህን የተናቀ ነገር አንሥቶ የሥራው መሠረት አደረገው። «ፐልፕ ፊክሽን» የሚለው ስም ራሱ በሻካራ ወረቀት እየታተሙ በርካሽ ይሸጡ ከነበሩት የወንጀልና የጀብዱ መጽሔቶች የመጣ ነው። ፊልሙ በ1994 በፈረንሳይ አገር በካን የፊልም በዓል ላይ ትልቁን ሽልማት ተቀበለ፤ በሚከተለውም ዓመት ታራንቲኖና ሮጀር አቫሪ በድርሰቱ የኦስካር ሽልማት አገኙ። 8 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጥቶበት በመላው ዓለም ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። የተናቀው ነገር እንዲህ ከፍ ካለ፥ ከፍ ያደረገውን አሠራር መመርመር ይገባናል።

አንዳንድ ሰዎች ታራንቲኖን የሰው ሥራ ሰራቂ ይሉታል። ነገር ግን መዋዋስ በፊልም ዓለም ከእርሱ አልተጀመረም። ጃፓናዊው አኪራ ኩሮሳዋ በ1961 «ዮጂምቦ» የተባለውን የሰይፈኛ ፊልም ሠራ። ጣልያናዊው ሰርጂዮ ሊዮኔ በ1964 ያንኑ ታሪክ ሰይፉን በሽጉጥ ለውጦ የካውቦይ ፊልም አደረገው፤ ሳያስፈቅድ ስለ ወሰደውም የጃፓኑ ኩባንያ ከስሶት ከገቢው ድርሻ ተቀበለ። ታራንቲኖ የሁለቱም ልጅ ነው። በ2003 ባወጣው «ኪል ቢል» ውስጥ ኡማ ተርማን የምትጫወተው ሙሽራ ለበቀል ስትወጣ የምትለብሰው ቢጫ ልብስ፥ ብሩስ ሊ በ1973 ከሞተ በኋላ በ1978 በወጣው «ጌም ኦቭ ዴዝ» በተባለው ፊልም ለብሶት የታየው ዓይነት ነው። ሙሽራዪቱ በዚያ ልብስ ሆና በቶኪዮ ምግብ ቤት ውስጥ ሰይፈኞችን ስትቈራርጥ ደሙ እንደ ምንጭ ሽቅብ ይፈነጥቃል። በዚያ ሰዓት የምናየው ሰው ሲሞት አይመስለንም፤ አንድ ፊልም ሌሎች ፊልሞችን ሲያስታውስ እናያለን። ደሙ ቀለም መሆኑን አዘጋጁም አይሸሽገንም። ስለዚህ ደስ እያለን እናያለን፤ ሕሊናችንም አይከሰንም።

ያጌጠ ጭካኔ የምለው ይህን ነው። ታራንቲኖ ጭካኔን የሚያስጌጥባቸው ሦስት መሣሪያዎች አሉት። አንደኛው ከሌሎች ፊልሞች የተዋሰው አለባበስና አተኳኰስ ነው፤ ስለ እርሱ አሁን ተናግሬአለሁ። ሁለተኛው ተራ ወሬ ነው። ሁለት ነፍሰ ገዳዮች ሰው ለመግደል ሲሄዱ በመንገዳቸው ላይ የሚያወሩት በፓሪስ የሚሸጠው የሥጋ ሳንድዊች ምን ተብሎ እንደሚጠራ ነው። እኛም በልባችን «እነዚህ እኮ እንደ እኛው ያሉ ሰዎች ናቸው» እንላለን፤ እንወዳቸዋለን። ሦስተኛው ዘፈን ነው። ዘፈኑ በሚጣፍጥበት ሰዓት ጭካኔው ይመጣል፤ እግራችን ምቱን እየተከተለ ሳለ ዐይናችን ደም ያያል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። በታራንቲኖ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ፊልሞች ውስጥ ማርቪን የሚባሉ ሁለት ሰዎች አሉ። የሁለቱን አሟሟት አስተያይተን ብናይ የምንፈልገውን መልስ በከፊል የምናገኝ ይመስለኛል።

የመጀመሪያው ማርቪን በ1992 በወጣው «ሪዘርቯር ዶግስ» ውስጥ በሌቦች እጅ የወደቀ ፖሊስ ነው። በአንድ ባዶ መጋዘን ውስጥ በወንበር ላይ አስረው አስቀምጠውታል። ማይክል ማድሰን የሚጫወተው ሌባ ራዲዮ ይከፍታል፤ ስቲለርስ ዊል የተባሉት ዘፋኞች በ1970ዎቹ መጀመሪያ ያወጡት ደስ የሚል ዘፈን ይሰማል። ሌባው ምላጭ ይዞ ይጨፍራል። ከዚያም የፖሊሱን ጆሮ ይቈርጣል። እኛ ግን አናይም፤ ካሜራው ዞር ብሎ ባዶውን ግድግዳ ያሳየናል። የምንሰማው ዘፈኑንና ጩኸቱን ነው። ቀጥሎ ሌባው ቤንዚን ለማምጣት ወደ ደጅ ሲወጣ ካሜራው ይከተለዋል። ዘፈኑ ከበሩ ውጭ ይጠፋል፤ የሰፈሩ የዘወትር ጸጥታ ብቻ ይሰማል። ተመልሶ ሲገባ ዘፈኑ ይመለሳል። በዚህች ጥቂት ጊዜ ውስጥ አዘጋጁ አንድ ነገር ያስታውቀናል፤ ደስታው የነበረው በራዲዮኑ ውስጥ ነው፥ በሥራው ውስጥ አይደለም። ከጌጡ ጥቂት እርምጃ ርቀን ብንቆም የቀረው ግፍ ብቻ ነው። ማርቪንም በቤቱ ትንሽ ልጅ እንዳለው እየተናገረ ይለምናል። ጆሮው ከተቈረጠ በኋላ እንኳ ፊልሙ አይተወውም፤ ስሙን ይናገራል፥ መልኩ ምን እንደ ሆነ አጠገቡ የቈሰለውን ሰው ይጠይቃል። እስኪገደል ድረስ ሰው ሆኖ ይቈያል።

ሁለተኛው ማርቪን ባለፈው ሳምንት ያሣቀን ነው። ሁለቱ ነፍሰ ገዳዮች፥ ቪንሰንትና ጁልስ፥ በመኪና ይዘውት ሲሄዱ ጥይት ስለ ሳታቸው እግዚአብሔር አድኖን ነው ወይስ ዕድል ነው እያሉ ይከራከራሉ። ቪንሰንት ወደ ኋላ ዞሮ የልጁን አስተያየት ይጠይቀዋል። ማርቪን አስተያየት እንደሌለው ይመልሳል፤ ሽጉጡ ያን ጊዜ ሳይታሰብ ይተኰሳል። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ የጽዳት ጉዳይ ነው። መኪናው እንዴት ይታጠብ? ፎጣው ለምን ተበላሸ? አስከሬኑን ይዘው የገቡበት የወዳጃቸው የጂሚ ሚስት ከሥራዋ ከመመለሷ በፊት እንዴት ይደረስ? ጂሚን የሚጫወተው ራሱ ታራንቲኖ ነው። የሚጨነቀው ሚስቱ እንዳትፈታው ነው። ቡና አፍልቶ ያቀርብላቸዋል፤ እነርሱም ቡናው ግሩም እንደ ሆነ ያመሰግናሉ። ቡና ከሐዘን ቤት እንደማይጠፋ እኛ እናውቃለን፤ በዚያ ቤት ግን ቡናው አለ፥ ሐዘኑ የለም። ማርቪን እናት እንዳለው፥ ማን እንደሚፈልገው አንድም ሰው አይጠይቅም። እኛም አልጠየቅንም። እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ይህን ንግግር ከመስማታችሁ በፊት የዚያን ልጅ ስም ያስታወሰ ከመካከላችን ስንቱ ነበር?

ይህን ሳስብ የእኛ የራሳችን ልማድ ትዝ አለኝ። ጭካኔን ማስጌጥ የሆሊዉድ ብቻ አይደለም። በእኛም አገር ጀግና ሲፎክር ግዳዩን ቤት እየመታ ይቈጥራል፤ ይንጐራደዳል፥ ጋሻውን ያነሣል፤ ሰሚውም ደሙ ይሞቃል። ፉከራ ያጌጠ ጭካኔ ነው ብል የምሳሳት አይመስለኝም። ነገር ግን ከፉከራው ጋር አብሮ የኖረ ሙሾ አለ። አልቃሽ የሟቹን ስም፥ የአባቱን ስም፥ ጠባዩንና ቁመናውን እየጠራች ታስለቅሳለች። ፉከራው ገዳዩን ያስታውሳል፤ ሙሾው ሟቹን። ሁለቱም ባሉበት ሰው ደም ሲሞቀው የሞተውን ፈጽሞ አይረሳም። እንግዲህ ከታራንቲኖ ጋር ያለኝ ጉዳይ ፎከረ ብዬ አይደለም። የምጠይቀው ሙሾው የት አለ ብዬ ነው።

እዚህ ላይ አንዳንዶቻችሁ «ይህ ፊልም ነው፥ የሞተ ሰው የለም» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ታራንቲኖም ይህንኑ ሲል ኖሯል። በታኅሣሥ 2012 በአሜሪካ በኒውታውን ከተማ አንድ ሰው ትምህርት ቤት ገብቶ 20 ሕፃናትንና 6 አዋቂዎችን ገደለ። በሚቀጥለው ወር ታራንቲኖ ለንደን ላይ ለቴሌቪዥን ቃል ሲሰጥ፥ የፊልም ጭካኔና የእውነተኛው ጭካኔ ግንኙነት አላቸው ወይ ተብሎ ቢጠየቅ ተቈጥቶ አልመልስም አለ። እኔም ሰው ፊልም አይቶ ነፍሰ ገዳይ ይሆናል የሚለውን ክስ አላነሣም። የጓደኛችንን ወንድም የገደለው ጦርነት ከሆሊዉድ አልመጣም። የእኔ ጥያቄ ፊልሙ ምን ያደርገናል ሳይሆን፥ ስናይ ምንን ማየት እናቆማለን የሚል ነው።

ለእርሱ ፍርድ መስጠት ካለብኝ፥ ይህን ጥያቄ ታራንቲኖ ራሱ ያውቀዋል ማለት ይገባኛል። በ«ኪል ቢል» መጀመሪያ ላይ ሙሽራዪቱና አንዲት ሌላ ሴት በቤት ውስጥ በቢላዋ ሲተላለቁ የሴትዮዋ ትንሽ ልጅ ከትምህርት ቤት ትመለሳለች። ሁለቱም ቢላዋቸውን ከኋላቸው ደብቀው ፈገግ ይላሉ። ጥቂት ቈይቶ ልጅቱ እናቷ ሞታ በቆመችበት ታያለች። ሙሽራዪቱም ስታድጊ ቂሙ ካልለቀቀሽ እጠብቅሻለሁ ትላታለች። በዚያች ደቂቃ በአዳራሽ ውስጥ የሚሥቅ ሰው አላየሁም። ጌጡ ተቀደደ፤ ልጅቱ ገብታ ቀደደችው።

ከዚህም የባሰ ምስክር አለ። በ2009 በወጣው «ኢንግሎሪየስ ባስተርድስ» ውስጥ ሂትለርና ሹማምንቱ በ1944 በፓሪስ አንድ ሲኒማ ቤት ተሰብስበው ፊልም ያያሉ። ፊልሙ አንድ ጀርመናዊ ተኳሽ ወታደር ከማማ ላይ ሆኖ ብዙ የጠላት ወታደር እንዴት እንደ ገደለ የሚያሳይ ነው። ሰው በወደቀ ቍጥር ሂትለር ይሥቃል፥ አዳራሹ ያጨበጭባል። ተኳሹ ራሱ በአዳራሹ ውስጥ ተቀምጧል፤ የሠራውን ግን ማየት አቅቶት ተነሥቶ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ሲኒማ ቤቱ በእሳት ይጋያል፤ እሳቱ የሚያያዘው በክምር የፊልም ጥቅል ነው። ናዚዎቹ ሲቃጠሉ ያን ጊዜ የምናጨበጭበው እኛ ነን። በእርግጥ ናዚዎች ግፈኞች ስለ ሆኑ ሁለቱ ጭብጨባዎች አንድ አይደሉም። የሆነ ሆኖ ድምፃቸው ይመሳሰላል፤ አዘጋጁም እንዲመሳሰል ያደረገው ሆን ብሎ ይመስለኛል። ይህን ክፍል በዚህ ሳምንት ደግሜ ሳየው ያ ወታደር ከወንበሩ ሲነሣ ደነገጥሁ። በፊልሙ ውስጥ ከአዳራሹ የወጣው ገዳዩ ነው፤ በእኛ አዳራሽ የወጣው የሟች ወንድም ነው። አንዱ ከሌላው ምንም አይገናኝም። ይሁን እንጂ ሞትን በቅርብ ያየ ሰው ከሚሥቅ ሕዝብ መካከል ተቀምጦ መቈየት እንዳቃተው ሁለቱም ያሳዩናል።

በ2012 በወጣው «ጃንጎ አንቼይንድ»ም ታራንቲኖ ሁለት ዓይነት ደም ለይቶ አሳይቷል። ከጌታው የጠፋ አንድ ባሪያ በውሾች ሲዘነጣጠል ያለ ጌጥ ይቀርባል፤ ጩኸቱ ይሰማል፥ ማየት ያሳምማል። ጃንጎ በመጨረሻ በባላባቱ ቤት ሲተኵስ ግን ደሙ እንደ ርችት ይፈነዳል። ባርነት ያደረሰው ሥቃይ እንዲያም፥ በቀሉ እንዲያስፈነድቅ ታስቦ የተሠራ ነው። ጥቁሩ አሜሪካዊ የፊልም አዘጋጅ ስፓይክ ሊ የአባቶቻችን ባርነት የካውቦይ ጨዋታ አይደለም በማለት ፊልሙን ላለማየት ወሰነ። እኔ ስፓይክ ሊ ሳያየው ከሚቀር ይልቅ አይቶ ቢፈርድ ይሻል ነበር ባይ ነኝ፤ ሐሳቡን ግን እረዳዋለሁ። የአያቱን ቍስል በሰው ጨዋታ ውስጥ ማየት የማይፈልግ ሰው «ይህ ፊልም ነው» ቢሉት አይጽናናም።

አንድ ነገር ጨምሬ እፈጽማለሁ። ኡማ ተርማን «ኪል ቢል» ሲቀረጽ መኪና እንድትነዳ ታራንቲኖ አደረጋት፤ እርሷ መንዳቱን ፈርታ ነበር። መኪናው ከዛፍ ጋር ተጋጨ፤ አንገቷና ጕልበቶቿ ተጐዱ። ይህን ለሕዝብ የተናገረችው በ2018 ነው፤ ታራንቲኖም በሕይወቱ እጅግ ከሚጸጸትባቸው ነገሮች አንዱ እንደ ሆነ አመነ። በዚያ ፊልም ውስጥ በበርሜል የሚቈጠር ደም ፈስሷል፤ ሁሉም ቀለም ነበር። የአንገቷ ሕመም ግን ቀለም አልነበረም። ቢጫውን ልብስ ሁላችን እናስታውሳለን፤ በልብሱ ውስጥ የነበረችውን ሰው ለማስታወስ 15 ዓመት ፈጀብን።

ክቡራን መምህሮቻችን፥ ውድ ጓደኞቼ፤

ከዚህ ሁሉ በኋላ እንዲህ ያለ ፊልም አይታይ አልልም። የፊልም ክበባችንም ምርጫውን እንዲቀይር አልጠይቅም። የምጠይቀው ከእያንዳንዱ ፊልም በኋላ መብራቱ እንደ በራ ወደ መኝታችን ከመበተን ይልቅ ግማሽ ሰዓት ተቀምጠን እንድንነጋገር ነው። መሣቅም አይከልከል፤ ሣቅ የታራንቲኖ ጥበብ የሚያመጣው ነው፥ እኛም ድንጋይ አይደለንም። ነገር ግን ከሣቅን በኋላ የሞተው ሰው ማን ነበር ብለን እርስ በርሳችን እንጠያየቅ። ፊልሙ ሙሾውን ትቶብን እንደ ሆነ፥ ያንን ክፍል ተመልካቹ ይፈጽመው።

በበኩሌ ትናንት ማታ ወደዚያ ጓደኛችን መኝታ ክፍል ሄጄ ነበር። ወንድሙ የሞተ ጊዜ ለቅሶ አልደረስሁም፤ ፈተና ነው ብዬ አሳበብሁ፥ ከዚያም ጊዜው ሲያልፍ አፍሬ ዝም አልሁ። ትናንት ግን «የወንድምህ ስም ማን ነበር?» ብዬ ጠየቅሁት። ነገረኝ። ከዚያ በኋላ ልጅ ሳሉ አብረው ስላዩአቸው የካራቴ ፊልሞች፥ ወንድሙም የብሩስ ሊን ጩኸት እየጮኸ ከአጥር ላይ ስለ መዝለሉ እያነሣ እስከ እኩለ ሌሊት አጫወተኝ። ሁለታችንም ሣቅን። ያኛው ሣቅ ግን ሌላ ነበር።